ስሕተቱም ምክንያት አለው፦ ስለ ጥንታዊ የዓሣ ነባሪ ሥዕሎች ለቀረበው ጽሑፍ ምላሽ

ሰሞኑን ለባሕር ዳርና ለደብረ ማርቆስ ትምህርት ቤቶችና ሆቴሎች ምክር ተብሎ የተጻፈ አንድ ጽሑፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር ቆይቷል። ጉዳዩ በየግድግዳው እየተሰቀሉ ስለመጡት የድሮ የዓሣ ነባሪ ሥዕሎች ነው፤ ከ16ኛው እስከ 19ኛው መቶ ዓመት በአውሮፓና በአሜሪካ ታትመው ዛሬ ከኢንተርኔት እየወረዱ በባነርና በፎም ቦርድ ስለሚወጡት። ጸሐፊው መጀመሪያ ሥዕሎቹን ያጣጥላሉ፦ ሣዮቹ እንስሳውን አላዩትም፣ አንዱ ከሌላው ገልብጧል፣ ለጎጃም ልጅም ዓሣ ነባሪ ከዮናስ ታሪክ ያለፈ ምኑም አይደለም። ቀጥለው ደግሞ «ግድ መስቀል ካማራችሁ» ብለው ይመክራሉ፦ ያገኛችሁትን ምስል አውርዳችሁ አንድ ሜትር አድርጉት፣ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ ገልብጧቸው፣ መጠናቸውን እኩል አድርጉ፣ ቀለሙ በእጅ የተቀባ ስለሆነ እመኑት፣ ስማቸውንም እንዳለ ተዉት።

ማጣጣሉ ግማሽ እውነት አለበት። ምክሩ ግን ሥዕሎቹ ያልሠሩትን ስሕተት የሚጨምር ነው። በተራ እንየው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ሣዮቹ ዓሣ ነባሪ በዓይናቸው አላዩም»

ለአንዳንዶቹ እውነት ነው። የስዊዘርላንዱ የተፈጥሮ ተመራማሪ ኮንራድ ጌስነር በ1558 ባሳተመው የዓሦች መጽሐፍ ውስጥ ጥርሳቸው እንደ ከርከሮ ክራንቻ የወጣ፣ ከአናታቸው ሁለት ቧንቧ የበቀለ ዓሣ ነባሪዎች አሉ። የወሰዳቸው ስዊድናዊው ኦላውስ ማግነስ በ1539 ካሳተመው የሰሜን ባሕር ካርታ ነው። ወሬው ካርታ ላይ ወጣ፣ ካርታው ደግሞ የእንስሳት ጥናት መጽሐፍ ውስጥ ገባ።

ቧንቧዎቹ እንኳ ግን ከባዶ የመጡ አይደሉም። ባሊን ያላቸው ዓሣ ነባሪዎች፣ ማለትም በጥርስ ፈንታ ጥፍር ከሚሠራበት ነገር የሆነ ማበጠሪያ መሳይ ከላይኛው መንጋጋቸው የሚንጠለጠልላቸው፣ በእርግጥም ሁለት የመተንፈሻ ቀዳዳ አላቸው። ጥርስ ያላቸው ዓይነቶች አንድ ብቻ ነው ያላቸው። መርከበኛው ከሩቅ ያየው የእስትንፋስ ጉም ነው፤ በጮቄ ግርጌ በኅዳር ጧት ከበሬ አፍንጫ እንደሚወጣው ያለ። ሣዩ ውሃ መሰለውና ፏፏቴ አደረገው።

ከጌስነር በኋላ ነገሩ ይለወጣል። ሣዮቹ አይተዋል፤ ችግሩ ያዩት ሬሳ መሆኑ ነው። ዓሣ ነባሪ ሞቶ ዳርቻ ሲወጣ፣ በሕይወቱ ውሃ ይሸከምለት የነበረው ክብደት በራሱ ላይ ይወድቅና በሆዱ ተዘርሮ ጎኑ ይሰፋል። ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠቁራል። ውስጡ ሲበሰብስ ደግሞ ጋዝ ይሞላዋል፤ ብዙ ሥዕል ያበላሸው ይሄኛው ነው። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪና ፊን ዌል የሚባለው ዘመዱ ከአገጫቸው እስከ እምብርታቸው አካባቢ የሚወርዱ የቆዳ እጥፋቶች አሏቸው፤ ሲመገቡ እንደ አኮርዲዮን የሚዘረጉ። ጋዙ እነዚያን እጥፋቶች ነፍቶ ከአገጩ ሥር ትልቅ ከረጢት ያንጠለጥላል። ሣዩ ያየውን ሣለ። በሕይወት ሲዋኝ ግን ጉሮሮው የተሰበሰበ፣ አካሉም እንደ ሸማኔ መወርወሪያ ከሁለት በኩል የሾለ ነው። ስለዚህ ያበጠ ጉሮሮ ያለው ሥዕል ሲገጥማችሁ ተረት ነው ብላችሁ አትጣሉት፤ ሰንብቶ ከነፋ ሬሳ የተሣለ መሆኑን እየነገራችሁ ነው።

ከሁሉ የሚያስገርመው የ1598ቱ ነው። በዚያ ዓመት በኔዘርላንድስ ቤርክሄይ በሚባል ዳርቻ አንድ ስፐርም ዌል፣ ማለትም ጭንቅላቱ ትልቅ የሆነ ባለ ጥርስ ዓሣ ነባሪ፣ ወጣ፤ ሠዓሊው ሄንድሪክ ጎልትዚየስ ሣለው፣ ያዕቆብ ማታም በመዳብ ቀረጸው። ህትመቱን ጠጋ ብላችሁ ብታዩ ከዓይኑ አጠገብ ጆሮ የሚመስል ነገር አለ። ዓሣ ነባሪ የሚታይ ጆሮ የለውም፤ ያለው እንደ መርፌ ቀዳዳ ጠባብ ነገር ነው። ያ «ጆሮ» የደረት ክንፉ ነው። ትልቅ ጭንቅላት፣ አጠገቡ ደግሞ ጠፍጣፋ ነገር ሲታይ፣ በሬና ፈረስ ሲያይ ያደገ እጅ ጆሮ አድርጎት ከቦታው ወደ ዓይኑ ጎተተው። በዓይን ማየት ብቻውን ዋስትና እንዳልሆነ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ የለም፤ ጸሐፊው ከያዙት ነጥብ ግን ተቃራኒው ነው።

ጀርመናዊው ሠዓሊ አልብረኽት ዱረርም በ1520 ዳርቻ የወጣ ዓሣ ነባሪ ለማየት ክረምቱን ተጋፍጦ እስከ ዜላንድ ሄዶ ነበር። እሱ ሳይደርስ ማዕበሉ እንስሳውን መልሶ ወሰደው። እንስሳውን ለማየት የሚከፈለው ዋጋ ይህን ያህል ነበር።

ሦስተኛ ወገንም አለ፣ ጽሑፉ ጭራሽ ያልጠቀሰው፦ አዳኞቹ። ዊልያም ስኮርስቢ የአርክቲክ ዓሣ ነባሪ አዳኝ ነበር፤ በ1820 ባወጣው ሥራ እሱ ራሱ በተገኘበት ከተያዙት 322 ዓሣ ነባሪዎች ውስጥ ከ60 ጫማ፣ ማለትም ከ18 ሜትር ገደማ የሚበልጥ እንዳልነበረ ጽፏል። ይህን ያለው ቦውሄድ የሚባለውን ዓይነት 80ና 100 ጫማ ያደርሱ ለነበሩት መልስ ሲሰጥ ነው። የቦውሄዱ የጎን ሥዕሉም ለብዙ አሥርት ዓመታት ሌሎች የሚቀዱት ሆኖ ኖሯል። ቻርልስ ስካመን ደግሞ በሜክሲኮ ባሃ ካሊፎርኒያ ሐይቆች ግራጫ ዓሣ ነባሪ ሲያድን የኖረ ካፒቴን ነው፤ የ1874 ሊቶግራፎቹ፣ ማለትም በድንጋይ ላይ ተሥለው የታተሙት ሥዕሎቹ፣ በዘመኑ ከነበሩት ሁሉ ለእንስሳው የቀረቡ ናቸው። አዳኝነታቸውን መውደድ ግድ አይደለም። አላዩም ማለት ግን አይቻልም።

«አንዱ ከሌላው ገልብጧል፤ ስለዚህ ዋጋ የለውም»

ገልብጧል፣ ልክ ነው። በ1601 በኢጣልያ አንኮና አካባቢ ወጣ የተባለ ዓሣ ነባሪ ታተመ፤ ከሥሩ «ከእንስሳው ከራሱ በትክክል የተሣለ» የሚል ተጽፎበታል። ምስሉ ግን የ1598ቱ የኔዘርላንድስ ህትመት ነው፣ ከነጆሮው።

ዋጋ የለውም የሚለው ግን አይከተልም። በዲማ ወይም በዋሸራ ብራና ከብራና ሲያስተያይ የኖረ ሰው ይህን ጸሐፊያችንን ያስረዳቸው ነበር፦ ሁለት መጽሐፍ አንድ ዓይነት ግድፈት ካላቸው አንዱ የሌላው ልጅ ነው። የዓሣ ነባሪ ሥዕልም እንዲሁ ነው። ጆሮውን ተከትሎ የትኛው ህትመት ከየትኛው እንደ ወረደ ማወቅ ይቻላል። ሥዕል ከህትመት መቅዳትም ለእኛ ነውር ሆኖ አያውቅም፤ በ1590ዎቹ መጀመሪያ በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል ሥዕሎች ለ17ኛው መቶ ዓመት የኢትዮጵያ ሠዓልያን አብነት ሆነው አገልግለዋል።

«ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲያዩ ገልብጧቸው»

የጽሑፉ ትልቁ ጥፋት ይህ ነው፣ ዘርዘር አድርገን እንመልሰው።

አማርኛችን ለመቅዳትም ለማዞርም አንድ ቃል መስጠቱ እዚህ ላይ ልክ ሆኖ ተገኝቷል፤ የመዳብ ቀራጭ ሲገለብጥ ይገለብጣል። ሥዕሉን እንዳለ በመዳቡ ላይ ከቀረጸ ወረቀቱ ላይ ግራው ቀኝ፣ ቀኙ ግራ ሆኖ ይወጣል። አንዳንዱ ቀራጭ ይህን አስቀድሞ በመስተዋት ያስተካክላል፤ አንዳንዱ አይጨነቅም። ስለዚህ ብዙ ህትመት ቀድሞውኑ አንድ ጊዜ ተገልብጦ ሊሆን ይችላል። በፎቶሾፕ እንደገና ሲገለበጥ ተመልካቹ የቱን እንደሚያምን አያውቅም።

«ምን ልዩነት አለው፣ ዓሣ ነባሪ ግራና ቀኙ አንድ ነው» የሚል ይኖራል። አይደለም።

ፊን ዌልን ውሰዱ። ታችኛው መንጋጋው በቀኝ በኩል ነጭ፣ በግራ በኩል ጥቁር ግራጫ ነው። ሥዕሉ ላይ ወደ ቀኝ የሚያይ ከሆነ የምናየው ቀኝ ጎኑን ስለሆነ መንጋጋው ነጭ መሆን አለበት፤ ወደ ግራ የሚያይ ከሆነ ጥቁር። ገልብጡት፣ በባሕር ውስጥ የሌለ እንስሳ ፈጠራችሁ።

ስፐርም ዌል የመተንፈሻ ቀዳዳው ከአናቱ ጫፍ ወደ ግራ ያዘነበለ ነው፤ ጉሙም ወደ ፊትና ወደ ግራ አጋድሎ ይወጣል። ከላይ ወይም ከፊት የተሣለ ከሆነ ግልበጣው ወዲያው ይታወቃል።

ናርዋል በሚባለው ባለ ቀንድ የአርክቲክ ዓሣ ነባሪ ላይ ነው ፈተናው የሚጥመው። ቀንድ የሚባለው በእርግጥ ጥርስ ነው፤ በላይኛው መንጋጋ በግራ በኩል ያለው ጥርስ ከንፈሩን በስቶ 2 ሜትር ተኩል ያህል ይወጣል፣ ሲወጣም እየተጠማዘዘ ነው። ጠመዝማዛው ሁልጊዜ ወደ አንድ ወገን ነው። ሥዕሉን የጥርሱ ጫፍ ወደ ላይ እንዲሆን አዙራችሁ አቁሙት፦ ፊት ለፊት የሚታዩት መስመሮች ከቀኝ ታች ተነሥተው ወደ ግራ ላይ መውጣት አለባቸው። አጠገቡ ከሱቅ የተገዛ ተራ ብሎን አቁሙ፤ የብሎኑ ጥርስ በተቃራኒው ወደ ቀኝ ነው የሚወጣው። ናርዋሉና ብሎኑ ከተስማሙ ወይ ቀራጩ ወይ ምስሉን የጫነው ሰው ገልብጦታል። የትኛው እንደ ሆነ የሚለየው የቀራጩ ፊርማ ነው። ፊደሉ ቀጥ ብሎ ከተነበበ ስሕተቱ የጥንቱ ነው፣ እንዳለ ይሰቀል፣ ከሥሩ ይነገር። ፊደሉ በመስተዋት እንደሚታይ ጽሑፍ የተገለበጠ ከሆነ ወይም ሆን ተብሎ ከተፋቀ ሌላ ምስል ፈልጉ።

ግድግዳው ላይ መልክ እንዲይዝ ከተፈለገ መላው የአደራደር ጉዳይ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚያዩትን በግራ፣ ወደ ግራ የሚያዩትን በቀኝ ስቀሉ፣ ሁሉም ወደ መሐል ያያሉ።

«ያገኛችሁትን ምስል አንድ ሜትር አድርጋችሁ አሳድጉ»

ሒሳቡ ቀላል ነው። አንድ ሜትር 39.4 ኢንች ያህል ነው። ወርዱ 1,200 ፒክሴል የሆነ ምስል አንድ ሜትር ላይ ሲዘረጋ ለአንድ ኢንች 30 ፒክሴል ብቻ ይደርሰዋል፤ ከ2 ሜትር ርቀት እንኳ መስመሩ ሲቆራረጥ ይታያል። ከ2 ሜትር ርቀት ለሚታይ ሥዕል ቢያንስ 100፣ ማለትም 4,000 ፒክሴል ገደማ ያስፈልጋል። ቀርበው ለሚያዩት 150፣ ማለትም 5,900 ያህል።

ሌላም አለ። በ1837 ሮበርት ሃሚልተን ጃርዲን ለተባለ አዘጋጅ ተከታታይ መጻሕፍት ያዘጋጀው የዓሣ ነባሪዎች ቅጽ በኢንተርኔት በብዛት ይገኛል፤ መጽሐፉ ግን የኪስ መጽሐፍ ነው፣ ገጹ በረጅም ጎኑ 17 ሳንቲ ሜትር ያህል ብቻ። በ600 ዲፒአይ፣ ማለትም በአንድ ኢንች 600 ነጥብ፣ ቢነሣ 4,000 ፒክሴል ይወጣዋል፣ አንድ ሜትር ለመድረስ ለጥቂት ይበቃል። ነገር ግን ስድስት እጥፍ ሲያድግ 0.1 ሚሊ ሜትር የነበረው የቀራጩ መስመር 0.6 ይሆናል። ጥላ ሆኖ እንዲታይ የተሠራው ስስ መስመር አጥር ይመስላል። እንዲህ ያለውን ከኤ3 አታሳልፉት። ሜትር ለሚሞላ ሥራ በትልቅ ገጽ የታተመ ምረጡ። ባዮዳይቨርሲቲ ሄሪቴጅ ላይብረሪ የሚባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት ሙሉ መጻሕፍቱን አንሥቶ በነፃ ስለሚያቀርብ ከዚያ ማውረዱ ከየትም ከተለቀመ ምስል ይሻላል።

ከዘመናዊ መጽሐፍ ላይ በስካነር ያነሣችሁት ከሆነ ደግሞ በ10 እጥፍ ማጉያ እዩት። እኩል የተደረደሩ ነጠብጣቦች ካሉ የህትመት ህትመት ነው፤ ሲያድግ የወንፊት ጥላ የመሰለ ሞገድ ያወጣል። ባነርም ለመማሪያ ክፍል አይሆንም፣ ከመስኮቱ ትይዩ ሲሰቀል ያንጸባርቃል። የማያብረቀርቅ ወረቀት በፎም ቦርድ ላይ ተለጥፎ፣ ከግድግዳው የጣት ያህል ክፍተት ሲተውለት፣ የጣናን ክረምት ሻጋታ ሳያወጣ ይችለዋል።

«በእጅ የተቀባ ስለሆነ ቀለሙን እመኑት»

በእጅ መቀባቱ ቀለሙን ታማኝ አያደርገውም። ቀቢው ከፊቱ የተሰጠውን ናሙና እያየ ነው የሚቀባው፤ ናሙናው ከጠቆረ ሬሳ ከመጣ ሁሉም ጥቁር ሆነው ይወጣሉ። ሰማያዊው ዓሣ ነባሪ በድሮ ሥዕል ከሰል የሚመስለው ለዚህ ነው፤ በሕይወት ያለው ሰማያዊ ግራጫ ላይ ፈዛዛ ነጠብጣብ ነው። ሆዱ ላይ ጥቁር ዕድፍ ካያችሁም የእንስሳው መልክ ላይሆን ይችላል፤ የእርሳስ ነጭ ቀለም አየር ውስጥ ያለ ድኝ ሲነካው ይጠቁራል።

ሁሉም በእጅ የተቀቡ ናቸው መባሉም ስሕተት ነው። ከ19ኛው መቶ ዓመት አጋማሽ ወዲህ በቀለም የታተሙ ሊቶግራፎች በዝተዋል። መለየቱ ከባድ አይደለም፦ በእጅ የተቀባው ከመስመሩ አልፎ ይፈሳል ወይም ሳይደርስ ይቀራል፤ በመዳብ የታተመው በወረቀቱ ዙሪያ መዳቡ የጫነው ጎድጓዳ አራት ማዕዘን አለው፤ ሊቶግራፍ ይህ ጉድጓድ የለውም። ይህ እንግዲህ ዋናው ወረቀት በእጁ ላለ ሰው ነው።

«መጠናቸውን እኩል አድርጉ»

ይህ ሁለት ቃል ነው የሚፈልገው። በ1 ለ50 ልኬት 27 ሜትር የሚሆነው ሰማያዊ ዓሣ ነባሪ 54 ሳንቲ ሜትር ይሆናል፣ ወንዱ ስፐርም ዌል በ16 ሜትሩ 32፣ ናርዋል ጥርሱ ሳይቆጠር 9፣ ሃርበር ፖርፖይዝ የሚባለው ትንሹ ዘመዳቸው 3 ሳንቲ ሜትር። በዚሁ ልኬት ሰው 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ስለሚሆን አንድ ሰው አጠገባቸው አቁሙ። ሥዕሎቹ ራሳቸው በተለያየ ልኬት ከተሰቀሉ በዚህ ልክ የተሠራ አንድ ረድፍ የጥላ ምስል ከሥር ይኑር።

«ስማቸውን እንዳለ ተዉት»

ለእንስሳት ሳይንሳዊ ስም ያወጣው ሊኔየስ በ1758 ስፐርም ዌልን አራት ዓይነት አድርጎ መዝግቦታል፤ ዛሬ አንድ ነው፣ ፊሴተር ማክሮሴፋለስ። በስካመን ላይ ራኪያኔክተስ ግላውከስ የተባለው ግራጫው ዓሣ ነባሪ ዛሬ ኤሽሪክቲየስ ሮበስተስ ነው። ኦርካ ግላዲያተር ይባል የነበረው ኦርሲነስ ኦርካ ሆኗል። የድሮው ስም ሥዕሉ ላይ ይቆይ፣ የዛሬው ከሥር ይጨመር። ተማሪው የድሮውን ይዞ ቢፈልግ ብዙም አያገኝም።

«ለጎጃም ልጅ ምኑ ነው? ዓሣ ብላችሁ ጻፉ»

ስሙ ውስጥ ዓሣ የሚል ቃል አለ፤ በማቴዎስ 12፥40 ዮናስ በዓሣ አንበሪ ሆድ እንደ ነበረ ይነበባል። ስሙን የሚለውጥ የለም። ከሥሩ «ዓሣ አይደለም፣ በሳንባ የሚተነፍስ፣ ጡት የሚያጠባ ነው» የሚል መስመር ግን ይግባ። አውሮፓውያንም ሲሳሳቱ ኖረዋል፤ በመካከለኛው ዘመን ሥጋው ከዓሣ ተቆጥሮ በጾም ይበላ ነበር፣ በዓሣና በጾም ክርክር እንግዳ ላልሆነ አንባቢ ይህ ያስቃል።

የባሕር ዳር ልጅ ደግሞ ከማንም በተሻለ ሊያየው ይችላል። ከሐይቁ የወጣ ቆሮሶ ወይም አምባዛ ይያዝና ጅራቱ ይታይ፦ ቆሞ ነው ያለው፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ነው የሚመታው። የዓሣ ነባሪ ጅራት ተኝቶ ነው ያለው፣ ወደ ላይና ወደ ታች ነው የሚመታው። ከዚያ ሥዕሎቹን ይመርምር፤ ጅራቱን እንደ ቆሮሶ ያቆመ ሣዩ ዓሣ በአእምሮው ይዞ ነው የሣለው። ከሐይቁ ዓባይ በሚወጣበት አፍ ላይ የሚተኛው ጉማሬ ደግሞ ዛሬ በሕይወት ካሉት እንስሳት ሁሉ ለዓሣ ነባሪ የቅርብ ዘመዱ እንደሆነ ከ1990ዎቹ ወዲህ የተደረገው የዘረመል ጥናት አሳይቷል። ምኑ ነው ለሚለው፣ ጎረቤቱ ዘመዱ ነው።

ከሥዕሉ ሥር ምን ይጻፍ ለሚሉት፣ ለ1598ቱ እንዲህ ቢሆን ይበቃል፦

«ስፐርም ዓሣ ነባሪ፣ ፊሴተር ማክሮሴፋለስ። ዓሣ አይደለም። በ1598 በቤርክሄይ፣ ኔዘርላንድስ፣ ዳርቻ ከወጣ ሬሳ ሄንድሪክ ጎልትዚየስ ሥሎት ያዕቆብ ማታም በመዳብ ቀረጸው። ከዓይኑ አጠገብ ጆሮ የሚመስለው የደረት ክንፉ ነው፤ ትክክለኛ ቦታው ወደ ኋላ ነው። ወንዱ እስከ 16 ሜትር ገደማ ይደርሳል። ምስሉ አልተገለበጠም።»